መልሱን አትንገሯቸው

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ታሪክና አንብቦ መረዳት የቤት ሥራ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወላጆች።

ባለፈው ሳምንት ስለ አድዋ የተሰጠውን የቤት ሥራ ከታሪክ መምህራችን ጋር ቁጭ ብዬ አየሁ። ብዙ ደብተር ላይ ጦርነቱ «በ1896 ዓ.ም.» ተደረገ ይላል። ልጆቹ ከስልክ ነው የገለበጡት። 1896 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው። በእኛ አቆጣጠር አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ቀኑ እኮ በሰጠናቸው ምንባብ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አላነበቡትም። በጣም ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

አንዳንዱ መልስ ደግሞ የእናንተ መሆኑ ያስታውቃል። ደክሟችሁ አምሽታችሁ ገብታችሁ፣ ልጁ እንቅልፉ መጥቶ ሲነጫነጭ፣ «በቃ እንዲህ ብለህ ጻፍ» ማለት እንደሚቀል አውቃለሁ። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ። ቢሆንም አደራ፣ አትንገሯቸው።

የውጫሌን ውል አስቡት። በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አልቀበልም አሉ። ነገሩ አድዋ ላይ ለየለት። የጦርነቱን ምክንያት ስንጠይቅ አብዛኛው ተማሪ «አንቀጽ 17» ብሎ ይጽፋል። «ይቻላቸዋል» እና «ይገባቸዋል» በምን ይለያያሉ ስንለው ግን ዝም ይላል። ልዩነቷን ራሱ አንብቦ የደረሰባት ልጅ ፊቱ ሲበራ ደጋግሜ አይቻለሁ። መልሱን ስንነግረው ያንን ደስታ ነው የምንነጥቀው።

ታዲያ ማታ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ምንባቡን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ «የቱ ጋ ነው እንዲህ የሚለው? አሳየኝ» በሉት። ፊደል ያልቆጠራችሁ ወላጆችም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ለእናንተ በደንብ ካስረዳ ገብቶታል ማለት ነው። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ለሚል ጥያቄ ደግሞ መልሱን ምንባቡ ውስጥ ቃል በቃል አያገኘውም። ያሰበውን ይንገራችሁ፣ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ስልክ አይከፈት አልልም። ምንባቡን ከጨረሰ በኋላ ይክፈት፤ ዓመት ሲያገኝም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይለይ።

ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ተማሪዎች ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ያገኙበትን አንቀጽ ቁጥር ይጽፋሉ። በራሱ አባባል ሞክሮ የተሳሳተ ልጅ ማርክ አይቀነስበትም፤ መምህሩ አብሮት ቁጭ ብሎ ያርመዋል። ያልገባውን ጥያቄ ባዶውን ትቶት ይምጣ። ጠዋት ከሰልፍ በፊት መምህራኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይጠብቁታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር