የቅዳሜው የቃላት ጨዋታ

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ጨዋታ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እዚሁ ግሩፕ ላይ ነው። የምንፈልገው በአይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ የሚጨርሱ ባለ 5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላትን ነው። ናይት፣ ላይትና ፋይት ለምሳሌ ስለተጠሩ ነጥብ የላቸውም።

ጆሯችሁን አትመኑ! ነጭ ለማለት የምንጠቀምበት ዋይት ድምፁ ይመሳሰላል፣ አጻጻፉ ግን ሌላ ነው። ስምንት ማለት የሆነው ኤይት ደግሞ ድምፁ ቢለይም ይቆጠራል። ብራይትና ፍላይት 6 ፊደል ናቸው፤ አይገቡም። ባለፈው በዚህ የተጨቃጨቅነው ይበቃናል።

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ዲክሽነሪ ማየት ክልክል ነው። ሰዓቱ 10 ደቂቃ ብቻ።

ቀጣዩን ዙር ወደ ባለ 6 ፊደል እናሳድገው? የምትገቡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና ሐሳባችሁን እዚህ ጻፉልኝ።