በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ

ይድረስ ለሾፌሯ፣

እንዴት ነሽ? ቤተሰቡስ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ «እንዴት ነሽ» ስልሽ ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ በዪኝ፣ ይገባኛል። አባትሽ፣ አባባ፣ ማረፋቸውን የሰማሁ ዕለት ስልኩን አንስቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሲባል ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በዪኝ። የቀረውን ስንገናኝ አንገትሽን ይዤ አለቅሰዋለሁ።

የጻፍኩልሽ ስለ ልጄ ነው። ያቺ በፎቶ ጥርስ የሌላት ሆና የምታውቂያት ልጅ መኪና እየነዳች ነው! ዐሥራ ስድስት ሞልቷታል። እዚህ ቨርጂኒያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መንጃ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት ከአዋቂ ጋር 45 ሰዓት መንዳት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከገባች በኋላ። አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ቅዳሜ ስካይላይን ድራይቭ ወሰድኳት። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተራራውን ጫፍ ይዞ 169 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ ነው። ጥቅምት ሲገባ እዚህ አካባቢ ያለው ሐበሻ ምሳውን ቋጥሮ፣ ልጆቹን ጭኖ ቅጠሉን ሊያይ የሚወጣው ወደዚያ ነው። በሰሜን በኩል በፍሮንት ሮያል ገባንና መሪውን ሰጠኋት። በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ ስለማይፈቀድ ለለማጅ ይመቻል ብዬ ነበር። በስተቀኝ ሸለቆው፣ በስተግራ ጫካው፤ ቢጫው እንደ አደይ፣ ቀዩ ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ በርበሬ። አንድ አጋዘን መንገዱ መሀል ቆሞ አየን። ልጄ ቀስ ብላ ቆመችለትና እስኪያልፍ ጠበቀችው። ያኔ የጣርማ በር ጭላዳዎች ትዝ አሉኝ፤ አንቺ ከጋቢናው መስኮት ወጥተሽ ቆሎሽን ስትበትኚላቸው፣ አባባም «ቆሎው ለመንገድ ነው» ሲሉሽ።

32ኛው ማይል ላይ ዋሻ አለ። በፈረንጆቹ 1932 ዓለቱን በስተው ያወጡት ነው። አፉን ከሩቅ ሳየው ሆዴ ተላወሰ። የእኛንም ጣርማ በር ጣሊያን የቦረቦረው በዚያው ዐሥርት ዓመት ውስጥ አይደል? የእኛ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ የእነሱ አጭር ነው፣ ገባ ሲሉ ብርሃኑ ይታያል። ከፍታውም አይወዳደርም፤ የዚህ መንገድ የመጨረሻ ከፍታ 1,122 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ግን መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽሽም። ዳር ዳሩን ያለውን የድንጋይ ካብ የሠሩት በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። ለፓርኩ ሲባል ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከተራራው ተነሥተዋል። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ጫካው ውስጥ የቀረ የጭስ መውጫ ባየሁ ቁጥር ዝም እላለሁ።

ከዋሻው ማዶ ጥቂት ቆመን ተመለስንና በቶርንተን ጋፕ በኩል ወደ ስፐሪቪል መውረድ ጀመርን። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው። ልጄ ከላይ ጀምራ እግሯን ከፍሬን ላይ አላነሣችም። እኔም ቅጠሉን እያየሁ አላስተዋልኩም። መሀል ላይ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የጎማ አይደለም፣ የፍሬን ሸራ ነው። ያንን ሽታ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። «እማዬ፣ ፍሬኑ ወደ ውስጥ እየገባብኝ ነው» አለችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማርሽ ቀንሺ» አልኳት። እሷ አውቶማቲክ መኪና ላይ ያደገች ልጅ ናት፣ ማርሽ መቀነስ ምን እንደሆነ አታውቅም። እጄን ሰድጄ እኔው ራሴ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ያዝ አደረገ፣ ቀጥ ያለ ቦታ ስንደርስ ዳር ይዘን ቆምን። ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር። እጇን ስይዛት በረዶ ሆኗል።

እዚያ ቆሜ ነው አባባን የሰማኋቸው። በ1988 ዓ.ም. ክረምት፣ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ዋሻው ሳይደርሱ ፊያቱን አቁመው ወርደው ጎማውን አንድ በአንድ በመዳፋቸው የዳሰሱት ትዝ ይልሻል? ረዳቱ ታኮ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወደ ጋቢናው ተመልሰው ለእኛ፣ ለሁለት ተማሪዎች፣ እንደ ትልቅ ሰው አስረዱን። «ልጆቼ፣ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ፍሬን ለመቆሚያ ነው፣ ለመውረጃ አይደለም።» ደብረ ሲና እስክንደርስ ፍሬን የነኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ በጣታችን ቆጠርን፤ አንድ እጅ አልሞላም። ይህን ሁሉ ለልጄ እዚያው መንገድ ዳር ነገርኳት። እያለቀሰች ሰማችኝ። ስሜን ጠርቶ ማርሽ ያስተማረኝ ሰው ሞቶ ለልጁ አለመደወሌን ግን አልነገርኳትም።

አሁን ልጠይቅሽ ነው፤ ልጠይቅ ይሆን አልጠይቅ እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። አባባ ስለ ጉም ደግሞ የነገሩን ነገር ነበር። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲጠብቀን የተናገሩት። መብራቱን ስለ ማውረድ ነበር፣ ጆሮን ስለ መክፈትም አንድ ነገር ብለዋል። አንቺ መሪ ከያዝሽ ጀምሮ ከአፍሽ አይጠፋም ነበር፤ እንዲያውም እንደ ዳዊት ትደግሚው ነበር። እኔ ረሳሁት። ቃሉን እንደ አነጋገራቸው አድርገሽ ጻፊልኝ፣ አታሳጥሪው። ቢከብድሽ ግን ተዪው፣ አልቀየምሽም።

ልጄ ተመልሳ ካልነዳችው ተራራ እንደ ፈራች ትኖራለች ብዬ ሰጋሁ። በሚቀጥለው እሑድ እንመለሳለን፤ የፍሬን ሸራው ተቀይሯል። በማለዳ ስለምንወጣ ጉም ይኖራል።

ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ አንቺ ካልደወልሽ እኔ ቅዳሜ ማታ፣ በእናንተ እሑድ ማለዳ፣ እደውላለሁ። አንሺልኝ።

የአንቺው