እጁን ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጥ አስተማሪ ስጡን

ይድረስ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ በተለይ የበረራ አስተማሪዎችን ፈትናችሁ ፈቃድ ለምትሰጡ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ መብረር የተማርኩት አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። የመጀመሪያ አስተማሪዬ ተጫዋች፣ ቁጣ የማያውቅ ልጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሴስና 172 በምትባል ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን ስንነሳ ስናርፍ ከረምን። ማረፉ እየተዋጣልኝ መጣ፤ እኔም ቤተሰብ ጋ እየደወልኩ ጉራዬን ቸረቸርኩ። ከዚያ ልጁ አየር መንገድ ተቀጠረና ሌላ አስተማሪ ተመደበችልኝ።

እሷ ማረፊያው ሲቃረብ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እግሯንም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ግራና ቀኝ ከሚያዞረው ፔዳል ሰብሰብ አድርጋ «ያንተ ነው» አለችኝ። ነፋሱ ከግራ ነበር። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ግራ ዞረ፣ እኔ ደግሞ እግር እንዳለኝም ረሳሁት። ጮክ ብላ «አይ ሃቭ ኮንትሮል» አለች፣ «ዩ ሃቭ ኮንትሮል» ብዬ ለቀቅኩላት፣ ሳናርፍ ተነስተን ዞርን። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፔዳሉን ዝም ብሎ ሲረግጥልኝ የነበረው ያ ልጅ ኖሯል! ክፋት አልነበረውም። ግን የማልችለውን እንደምችል አሳመነኝ፤ በዚያ እምነት ብቻዬን ተነስቼ ቢሆንስ?

በልጁ አልፈርድም። አሜሪካ አየር መንገድ ለመግባት በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ስለሚጠየቅ ብዙው ወጣት የሚያስተምረው ሰዓት ለመሙላት ነው። ሰዓቱ ይሞላል፣ ተማሪው ግን ባዶውን ይቀራል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ትንሽ ሞተር እዚህ ገና መሬት ላይ ሳለ ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቷል፤ ከሰዓት 24 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ አውሮፕላኑ ከ10,000 ጫማ (3,000 ሜትር ገደማ) በላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ባሕር ዳርቻ የተማረ ሰው ከመነሳቱ በፊት ቀዩን የሚክስቸር እጀታ፣ ማለትም ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ የሚመጥነውን፣ እስከ ጥግ መግፋት ለምዷል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እዚህ እንደዚያ ካደረገ ነዳጁ ለሳሳው አየር ይበዛና ሞተሩ ይታፈናል። ይህንን በቃል ያስጠና አስተማሪ አስተማረ አይባልም። ተማሪው እጀታውን ራሱ ቀስ እያለ ሲስበው፣ የሞተሩ ድምፅ ሲጠራ በጆሮው መስማት አለበት።

አንድ ሌላ ጣጣ አለብን። እኛ አስተማሪ ፊት «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስለናል። «ገባህ?» ሲባል «አዎ» ነው መልሱ፣ ባይገባም። የኔዋ ይህን ነቅታበት ነበር መሰለኝ፣ «ገባህ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ከበረራ በኋላ ቡናዋን ይዛ ትቀመጥና «እስኪ ዛሬ ያደረግከውን ንገረኝ» ትላለች። ስናገር ያልገባኝ ሁሉ ይጋለጣል። አትጮህም፣ አታሾፍም፣ ስልኳን አትነካም። እሷም ያጠፋች ቀን «ይሄ የኔ ስህተት ነው» ትላለች፤ እንዲህ የሚል አስተማሪ ስንት አይታችኋል?

ስለዚህ ልመናዬ እነሆ። አስተማሪ ስትፈትኑ የአበራረሩን ችሎታ አይታችሁ ብቻ አትነሱ። ካረፈ በኋላ ከተማሪው ጋር ሲቀመጥ እናንተም ጥግ ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡና አዳምጡ። ማን እንደሚያወራ ቁጠሩ። አስተማሪው ብቻ ካወራ ፈቃዱ ትንሽ ይቆይ።

የተማሪውንም ፋይል ግለጡ። ያ ልጅ ሲሄድ ስለ ማረፌ ለተተኪዋ ትቶላት የሄደው አንዲት ቃል ነበረች፦ «ጥሩ»።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፔዳል መርገጥ ዘግይቶ የተማረ አብራሪ