ታንኳውን ስለነካው ልጄ የቀረበ ቅሬታ

ለልጆች ሙዚየሙ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን ከልጆቼና ከእናቴ ጋር በሙዚየማችሁ ስለገጠመን ነገር

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አዝኜም ተናድጄም ነው። ይበርድልኛል ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ አልበረደልኝም።

የስድስት ዓመት ወንድ ልጅና ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሴት ልጅ አሉኝ። ሐይቁ ዳር የልጆች ሙዚየም ከፈታችሁ ሲባል ስሰማ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ከተማችን ውስጥ ልጅ ይዞ የሚኬድበት ቦታ ብዙ አይደለም። የሐይቁ ዳር መናፈሻዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ጭማቂ ጠጥቶ፣ ወፍ አይቶ መመለስ ነው። እናንተ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ያወጣችሁት ማስታወቂያ «ልጆች እየነኩ የሚማሩበት» ይላል። ይቺን ቃል አምኜ ነው የመጣሁት። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ «ስንት ቀን ቀረው?» እያለ ሲጠይቀኝ ሰነበተ።

እናቴም አብራን መጣች። ተወልዳ ያደገችው ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት ብዙም አትወጣም። «ታንኳም አለ አሉ» ስላት ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከሁላችን ቀድማ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ለአዋቂ 150፣ ለልጅ 100፣ በጠቅላላው 500 ብር ከፍለን ገባን። መብራት የለም። የጣናንና የዓባይን ሞዴል የሠራችሁት እናንተው ናችሁ፤ ሐሳቡ እንዴት ደስ ይላል! ውሃው ከሐይቁ ተነስቶ፣ በከተማችን አልፎ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ሲወርድ ልጆች በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ፓምፑ ስለማይሠራ ግን ገንዳው ደረቅ ነበር። ውስጡ የከረሜላ ወረቀት ወድቋል። ልጄ አንገቱን አስግጎ አየና «እማዬ፣ ዓባይ ደረቀ እንዴ?» አለኝ። ስክሪኖቹም ጠፍተዋል። መብራት መጥፋቱን ማን ይከለክላል? በከተማው የተለመደ ነው። ነገር ግን ትኬት የምትቆርጠው ልጅ «ዛሬ ግማሹ አይሠራም፣ ሌላ ቀን ብትመጡ ይሻላል» ብትለን ኖሮ መርቀናት ነበር የምንመለሰው። ብሩን ተቀብላ ዝም አለች።

ዓሳዎቹ ጋ ስንደርስ የተለጠፈው ስም ተሳስቷል። አምባዛው ላይ ቆሮሶ፣ ቆሮሶው ላይ አምባዛ ተጽፏል። ይህን ያየችው ፊደል የማታነበው እናቴ ናት። ልጄ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሲያነብላት «አይ፣ ይሄማ ጢም አለው፣ አምባዛ ነው» አለችው። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ከ10 በላይ የሚሆኑ የዓሳ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የዚህ ሐይቅ ልጅ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበውን ቆሮሶ እንኳ በተሳሳተ ስም ተምሮ ቢወጣ ያሳዝናል። እባካችሁ ወረቀቶቹን ቀያይሩልን፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ታንኳው ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ረጅም ሣር፣ የተሠራ ነው፤ መሐል አዳራሹ ላይ ነው የተቀመጠው። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮበታል። እናቴ ስታየው ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ ለልጆቹ ታወራላቸው ጀመር። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር እንዴት እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚታሰር። አባቷ ሌሊት ተነስተው ጌሾና እንጨት በታንኳ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጡ እንደነበር። ጉማሬ ሲያጋጥም ምን ይደረግ እንደነበር። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። እኔ ራሴ ያልሰማሁት ታሪክ ነበር። ከዚያ «ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከሐይቁ ወጥቶ በየጊዜው ካልደረቀ ታንኳው ይከብድና ይሰጥማል» አለቻቸው። ልጄ ታዲያ ደረቅ መሆኑን ለማየት እጁን በገመዱ ሥር አሳልፎ ነካው። በአንድ ጣቱ።

ጥበቃው ከበሩ ሆኖ «እጅህን አንሳ!» ብሎ ጮኸበት። መጥቶም ክንዱን ይዞ ጎተተው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጄ አያቱ ነጠላ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ የእናቴ ነገር ነው። የልጅ ልጇ እንዳይመታባት ፈርታ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አጥፍቷል፣ አይለምደውም» እያለች ጥበቃውን ለመነችው። ታሪኩ እዚያው ቆመ። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ልጆቼ ሥርዓት አያውቁም እንዳትሉኝ። ከዚህ በፊት ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ወስጃቸዋለሁ። አባ የብራናውን መጽሐፍ ገልጠው ሥዕሉን ሲያሳዩን ልጄ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነው የቆመው። ዘውዱንም መስቀሉንም በዓይኑ ብቻ ነው ያየው። የማይነካ ነገር እንዳለ ያውቃል። ብራና ቢቀደድ የሚተካው የለም። ታንኳ ግን እንደዚያ አይደለም። ቢንከባከቡት እንኳ ጥቂት ወራት አገልግሎ የሚጣል ዕቃ ነው። ሰሪዎቹ ዛሬም ከእናንተ በር ብዙ ሳይርቁ እየሠሩት ነው። ሁለት ታንኳ ገዝታችሁ አንዱን ለዓይን፣ አንዱን ለእጅ ብታደርጉት ምን ይጎዳችኋል? ልጆች ይግቡበት፣ መቅዘፊያውን ይያዙ፣ ደንገሉን ያሽትቱት። ሲያረጅ ሌላ ይገዛል፤ ሰሪውም ይጠቀማል።

ልጆቹን ይዤ ልመጣ ስል ስለ ልጆች ሙዚየም ትንሽ አንብቤ ነበር። የመጀመሪያው አሜሪካ፣ ብሩክሊን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1899 ነው የተከፈተው። የቦስተኑ ደግሞ በ1960ዎቹ ማይክል ስፖክ የሚባል ዳይሬክተር መጣለትና ዕቃዎቹን ከመስታወት ሳጥን አውጥቶ ልጆች በእጃቸው እንዲሞክሩ አደረገ። የልጆች ሙዚየም ከሌላው ሙዚየም የሚለየው በዚህ ነው። እናንተም ማስታወቂያው ላይ የጻፋችሁት ይህንኑ ነው። ጥበቃው ግን ማስታወቂያውን ያነበበ አይመስለኝም። እሱንም ብዙ አልወቅሰውም። «ዕቃ ጠብቅ» ተብሎ ነው የተቀጠረው፤ ስለ ልጅ ማን ነገረው?

ሌሎቹን ባጭሩ ልናገር። ትንሿ ልጄ ሽንት ቤት ስትል ተቆልፎ አገኘነው። ቁልፉን የያዘው ልጅ ምሳ ወጥቷል ተባልን። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ምሳ እስኪበላ አትጠብቅም። ወጥቼ ጎረቤት ካለ ካፌ ለምኜ አስገባኋት። ስንመለስ «ትኬቱ ለአንድ ጊዜ ነው» ብለው በር ላይ አቆሙን። ወንዱ ልጄና እናቴ ውስጥ፣ እኔና ትንሿ ውጭ! በስልክ ጠርቼ አስወጣኋቸው። በአዳራሹ ሁሉ አንድ ወንበር እንኳ አልነበረም። እናቴ ያን ያህል ጊዜ በዚያ ጉልበቷ ቆማ ነው የቆየችው። ልጆችን እዚህ አገር ማን እንደሚያሳድግ ታውቃላችሁ። አያቶች ናቸው። ለአያት መቀመጫ የሌለው የልጆች ሙዚየም እንዴት ይሆናል?

ብር እንድትመልሱልኝ አይደለም የምጽፈው። የምፈልገው ሌላ ነው። እናቴ ይቅርታ ለምናለች፤ ይቅርታ የሚገባው ግን ለእሷ ነው። ከእናንተ አንድ ኃላፊ ደውሎ እናቴንም ልጄንም ይቅርታ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ልጁን በስሙ ጠርቶ «ጥፋት አልሠራህም» ይበለው። ከቅዳሜ ወዲህ ሱቅ ስንገባ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የሚሄደው፤ ይህን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ሁለተኛ፣ ሠራተኞቻችሁ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አስተምሯቸው። ጎንበስ ብሎ «ጎሽ፣ ቀስ ብለህ» ማለት አይከብድም። ሽንት ቤቱም ሙዚየሙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ክፍት ይሁን። ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ትኬቱን አሳይቶ ይመለስ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች በየቀበሌው አሉ። በታንኳ የሄዱ፣ ደንገል ያጨዱ፣ እምቦጭ የሚባለው አረም ጣናን ሳይወርረው በፊት የሐይቁ ዳር ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሁለቱን ጋብዙ። ወንበር ስጧቸው፣ ቡና አፍሉላቸው፣ ልጆቹን ዙሪያቸው አስቀምጡ። የቅዳሜውን ታሪክ ልጆቼ እስከ መጨረሻው አልሰሙትም። እናቴን ቤት ሄጄ «ጨርሺላቸው እንጂ» ብላት «ታንኳው ሳይኖር እንዴት አድርጌ?» አለችኝ።

ስልኬ በመግቢያው መዝገብ ላይ ተጽፏል። እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሪያችሁን እጠብቃለሁ። ገመዱን ካነሳችሁት ሁለቱንም ልጆች፣ እናቴንም ይዤ እመለሳለሁ፤ መግቢያውንም እንደገና እከፍላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሁለት ልጆች እናት