በምግባችን ላይ የሚቀረውን ፀረ-ተባይ በየወሩ ለማስመርመር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣

ሸማች የሚገዛው አትክልት መጠውለጉን በዓይኑ፣ መበላሸቱን በጠረኑ ይለያል፤ በላዩ የቀረውን ፀረ-ተባይ ግን በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ወሰን ላላወጣላቸው ፀረ-ተባዮች በጥቅሉ የሚፈቅደው ቅሪት በአንድ ኪሎ ግራም ምርት 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም በ1,000 ኩንታል ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር የሚለየው የላቦራቶሪ መሣሪያ ብቻ ስለሆነ፣ አትክልቱን፣ ፍራፍሬውንና እህሉን ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ለማስመርመር በጋራ ለያዝነው ሥራ ድጋፋችሁን እንጠይቃለን።

አጥቦ መብላት አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። ማጠብ ላይ ላዩን የተጣበቀውን ስለሚቀንስ መተው የለበትም፤ ነገር ግን በሥር ወይም በቅጠል ተመጥጠው በተክሉ ውስጥ የሚሠራጩትን ኬሚካሎች ውኃ አይደርስባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ ሐብሐብ በልተው ታመሙ የተባሉት ሰዎች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ምክንያቱ አልዲካርብ የተባለ፣ ለሐብሐብ ጨርሶ ያልተፈቀደ ፀረ-ተባይ ሲሆን፣ በሥር በኩል ወደ ፍሬው የሚዘልቅ በመሆኑ ልጣጩን ማጠብ ማንንም ባላዳነ ነበር። እንዲህ ያለው ብዛት ያለው መመረዝ በማስመለስና በላብ ወዲያው ይታወቃል፤ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚገባው፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚቆየው ነው። ሕፃናት ደግሞ ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ ስለሚመገቡ ድርሻቸው ይከብዳል።

ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል በዝርዝር ልታውቁ ይገባል። ከአንድ ማሳ አንድ ፍሬ አንሥቶ መመርመር ምንም አያስረዳም። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎች ስብስብ የናሙና አወሳሰድ መመሪያ መሠረት መካከለኛ መጠን ካላቸው ምርቶች ቢያንስ 10 ፍሬና 1 ኪሎ ግራም፣ ከትልልቆቹ ደግሞ ቢያንስ 5 ፍሬና 2 ኪሎ ግራም መወሰድ አለበት። ናሙናው ታሽጎ፣ የተወሰደበት ቦታና ቀን ተጽፎበት፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ እዚያም ሙሉው ተፈጭቶ ከተዋሐደ በኋላ ጥቂት ግራም ብቻ ተመዝኖ ቅሪቱ አሴቶናይትራይል በተባለ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያ የተቀላቀሉ ኬሚካሎችን አንዱን ከሌላው በሚለዩ የጋዝና የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች በአንድ ላይ ይፈለጋሉ፤ ሆኖም መጠናቸውን በትክክል ለመናገር ለየኬሚካሉ ንጹሕ የማመሳከሪያ ናሙና መግዛት ግድ ነው፤ ይህም ከወጪዎቹ አንዱ ነው። አይኤስኦ 17025 በተባለው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ብቃት መመዘኛ ዕውቅና ባላገኘ ላቦራቶሪ ወጪውን መቀነስ ይቻል ይሆናል፤ በእኛ እምነት ግን ማንም ሊከራከርበት የሚችል ውጤት ለሸማቹም ለአምራቹም አይጠቅምም።

ሥራው በገበሬው ላይ የተነሣ አይደለም። ቅሪት ከወሰን የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ርጭት እስከ አዝመራ መጠበቅ ያለባቸው ቀናት ሳይሞሉ ምርቱ ሲሰበሰብ፣ መጠኑ ከታዘዘው በላይ ሲሆን፣ ወይም ለአንድ ሰብል የተፈቀደው በሌላው ላይ ሲረጭ ነው፤ በዚያ ሁሉ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጋለጠው ረጪው ራሱ ነው። ስለዚህ ውጤቱን በመጀመሪያ የሚያየው አምራቹ ሲሆን፣ ቀጥሎ ንጹሕ የተገኘውም ያልተገኘውም ሳይመረጥ ለሕዝብ ይገለጻል። ወሰኑ የሚወጣው ከትክክለኛ አጠቃቀም በመነሣት ስለሆነ፣ ወሰን ያለፈ ሁሉ መርዝ ነው ብለን አናስደነግጥም፤ በጤና ላይ ያለውን ሥጋት የምናሰላው ጤናን ሳይጎዳ በቀን ሊወሰድ ከሚችለው መጠን ጋር አነጻጽረን ነው።

ፀረ-ተባይ ከሚያስመጡና ከሚሸጡ፣ እንዲሁም ምርታቸው ከሚመረመር ነጋዴዎች ገንዘብ አንቀበልም። ከእናንተ የምንለምነው በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ጥቂት ገንዘብ ነው፤ የርጭቱ ዓይነት ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ የአንድ ዙር ምርመራ ስለ ሌላው ወቅት አይመሰክርም። ለተሰጠው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ወጪውም በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀሳል፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ለሰጪዎች ይቀርባል። ናሙና ለመሰብሰብ ጊዜያቸውን የሚሰጡ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ተሽከርካሪ የሚያውሱና በኬሚስትሪ ሙያ የሚያግዙም እጅግ ያስፈልጉናል። በመጀመሪያው ዙር ስንት ዓይነት ምርት እንደምናስመረምር የምንወስነው ቃል በተገባው ወርኃዊ መጠን ልክ ስለሆነ፣ መስጠት የምትችሉትን እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ለገንዘብ ያዣችን እንድታስታውቁ በአክብሮት እንጠይቃለን።