ከአንድ ፈረሱላ የጎደለው ቡና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ወጣቶች የራሳቸውን ሥራ የማይጀምሩት መነሻ ገንዘብ ስለሌላቸው ነው የሚል ጽሑፍ ባለፈው እትማችሁ አነበብኩ። ገንዘብ አያስፈልግም አልልም። ግን ጅማ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ቡና ቆልቼና ፈጭቼ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከጎረቤቶቼ ሱቃቸውን ሲዘጉ ያየኋቸው ብዙዎቹ ገንዘብ ነበራቸው፤ የዘጋቸው ሂሳብ ነው። እኔንም ሊዘጋኝ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ስጀምር አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ኪሎውን በ100 ብር ሂሳብ በ1,700 ብር ገዛሁ። የተፈጨውን ኪሎውን በ125 ብር ሸጥኩ። በኪሎ 25፣ በፈረሱላ 425 ብር አተርፋለሁ ብዬ አሰብኩ። ሦስት ወር ሠራሁ፤ ደንበኛ አልጠፋም፣ ገንዘቡ ግን የለም። የምታግዘኝን የእህቴን ልጅ ጠረጠርኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከማና ወረዳ ቡና የሚያመጡልኝ አዛውንት ብሶቴን ሰምተው "ልጄ፣ ከእሳት ሲወርድ መዝነሽው ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም። ያን ቀን መዘንኩ። ጠጠሩ፣ ጥቁሩና ስባሪው ሲለቀም ወደ ኪሎ የሚጠጋ ወጣ። ሲቆላ ውሃው ተንኖ፣ ገለባው ረግፎ ሌላ ሦስት ኪሎ ያህል ሄደ። የተረፈኝ 13 ኪሎ ከሩብ። በ125 ሲባዛ 1,656 ብር ነው። ከሰሉ፣ የወፍጮው መብራት፣ ፌስታሉና የቤት ኪራዩ ሳይቆጠር፣ በየፈረሱላው 44 ብር ከኪሴ እየጨመርኩ ነበር የምሸጠው። ልጅቷ አምስት ሳንቲም አልነካችም።

ከዚያ ወዲህ የጥሬውን ዋጋ የማካፍለው ለገዛሁት ኪሎ ሳይሆን ተቆልቶ ለወጣው ኪሎ ነው። 1,700ን ለ13.25 ሳካፍል 128 ብር ከሳንቲም መጣ፤ ይህ ገና ባዶው ነው። በላዩ ላይ ወጪው ሁሉ ይታከላል፣ ከዚያ የራሴ ደመወዝ፣ ከዚያ ትርፍ። ጠቆር ያለ አቆላል የሚወድ ደንበኛ ሲመጣም የበለጠ ስለሚጎድል ዋጋው ይለያል። ጭማቂ ቤት የከፈተ ልጅ የአቮካዶውን ፍሬና ልጣጭ፣ ባለሦስት እግር ዱካ የሚሠራውም ፍቅፋቂውን እንዲሁ ይመዝን።

ስትገዙ ፍሬውን በጥርስ ሞክሩት። የደረቀው ቀጭ ይላል፤ እርጥቡ የጥርስ ምልክት ይይዛል፣ እናንተም ውሃ በቡና ዋጋ ገዛችሁ ማለት ነው። እኔ የእቁብ ዕጣዬን የምወስደው ለቀማው ሲደርስ እንዲሆን ዳኛውን እለምናለሁ፤ በክረምት ዋጋው ሌላ ነው። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ አታሳርፉ፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከወለልም ከግድግዳም ራቅ አድርጋችሁ ጣውላ ላይ ደርድሩት። ሳሙናና በርበሬ አጠገብም አይሁን፣ ቡና ሽታ ይስባል። የተፈጨውን ደግሞ በሳምንት ከሚሸጠው በላይ አታዘጋጁ።

ዱቤ አልከለክልም፤ ደመወዝ እስኪወጣ ቡና የሚያስፈልገው ጎረቤት አለኝ። ግን የፊተኛው ሳይከፈል ሁለተኛ አይጻፍም። የሱቁ ቴሌብር ከእኔ ስልክ የተለየ ነው። ለቤቴ አስቤዛ ስወስድም ደብተሩ ላይ እንደ ማንኛውም ደንበኛ እጻፋለሁ፤ ይህን ያስተማረችኝ ያቺው የእህቴ ልጅ ናት። የንግድ ፈቃድ ዕድሳትም ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ፣ ሰልፉ ሁለት ቀን ሥራ ያስፈታል።

እኔም ስጀምር ሥልጠና ወስጄ ነበር። የንግድ ዕቅድ አጻጻፍ ተማርን፤ ሚዛን ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። አሠልጣኞችን የምለምነው አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ወጣቶቹ ፊት ቆልተው እንዲመዝኑላቸው ነው። ጅማ ያለ ጀማሪም ከሐሙስ ውጭ በማንኛውም ቀን ቢመጣ ደብተሬን ከፍቼ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ቡና ነጋዴ፣ ከጅማ ሄርማታ