አንቺ ያልነበርሽበት ገበያ

ይድረስ ለውድ እህት ዓለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ፤ መጀመሪያ ሥራ ያዘኝ፣ ኋላ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፍሮኝ ቀረሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ፣ ባለፈው ሳምንት ኢስታንቡል ውስጥ ቱርኮች ካፓሊቻርሺ ወደሚሉት ባለ ጣሪያ ገበያ ገብቼ በየመታጠፊያው አንቺን ማሰቤ ነው።

ገበያውን ያስጀመረው ሱልጣን ዳግማዊ መሕመድ ሲሆን፣ ከተማይቱን በ1453 እ.ኤ.አ. ከያዘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ጣሪያ የለበሱ ስልሳ ያህል መንገዶችና 4,000 ገደማ ሱቆች አሉት። እንደ መርካቶው ሸማ ተራ መንገዶቹ በየሙያው ይጠራሉ፤ ዋናው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ካልፓክቺላር፣ ማለትም የቆብ ሠሪዎች መንገድ እየተባለ፣ ግራና ቀኙ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ነው።

በማለዳ አንድ የመዳብ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ጎራ አልኩና ጀዝቬ የሚሉትን ባለ ረጅም እጀታ የቡና ማፍያ አነሣሁ። ሰውየው ዋጋ ሳይነግረኝ በፊት ሻይ አዘዘ፤ አንድ ልጅም ከላይ በመያዣ በተንጠለጠለ ትሪ፣ ወገቧ የቀጠነ ብርጭቆ ጠብታ ሳያፈስ ይዞልኝ መጣ። አንቺ ብትሆኚ ሻይሽን ጠጥተሽ፣ ግማሽ ዋጋ ጠርተሽ፣ ሲጠራሽ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ትወጪ ነበር። እኔ ግን ሻዩን ከቀመስኩ በኋላ መከራከር አሳፈረኝና ጥቂት ብቻ አስቀንሼ ከፈልኩ። ሦስት ሱቅ አልፌ ያንኑ ጀዝቬ በረከሰ ዋጋ አየሁት፤ ሳቅሽ እዚያው ተሰማኝ።

ያም ሆኖ አልተጸጸትኩም። የዕለቱ የመጀመሪያ ገበያተኛ ስለነበርኩ ሰውየው ብሩን አገጩ ላይ ነካ አድርጎ፣ «ሲፍታህ ሰንደን፣ በረከት አላህታን» አለ፤ መክፈቻው ካንቺ፣ በረከቱ ከአላህ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግሩ ያለ አስተርጓሚ የገባኝ «በረከት» የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች፤ ወዲያውም ቤትሽ፣ ከሰሉ፣ እኔም ከቶናው በኋላ እየተጣደፍኩ ስነሣ «በረካውን ሳትጠጪ!» እያልሽ የምትቆጪው ትዝ አለኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ጀዝቬውን ለአንቺ ይዤዋለሁ፤ ከጀበናሽ ጎን እንደማታስቀምጪው ባውቅም መደርደሪያ ላይ ያምራል። በረካው እስኪወጣም እቀመጣለሁ፤ ስንት እንደገዛሁት ግን አትጠይቂኝ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ